የሌስተር ዶሌዛል የሸሚዝ ቁራጭ

ሽማግሌን ማዋረድ የፈለገ ሰው መሳደብ የለበትም። ሳይነግረው ይንከባከበው፣ ይበቃዋል። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በሰሜን ዊስኮንሲን ጫካ፣ ሌስተር ዶሌዛል በገዛ እጃቸው ባቆሟት የአደን ጎጆ ውስጥ ዓይኔ እያየ ነው።

ሌስተር ዕድሜያቸውን በሙሉ ላም ሲያልቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ላሞቹ ተሸጡ፣ ሚስታቸውም አረፉ፣ ከዚያ ወዲያ የአጋዘን አደን ወር የሆነው ኅዳር ብቻ ቀረላቸው። ኅዳር ሲገባ ልጆቻቸው ዱዌይንና ጃኒስ ከየከተማቸው ይመጣሉ። እኔም ጎረቤት ነኝና ጠመንጃዬን ይዤ አብሬያቸው ጎጆዋ ውስጥ እከትማለሁ።

የጎጆዋ አንደኛው ግድግዳ በጨርቅ ቁራጭ የተሸፈነ ነው። በእኛ አገር አጋዘን ላይ ተኩሶ የሳተ ሰው ሸሚዙ ከወገቡ በታች ይቆረጥና ስሙ ተጽፎበት በምስማር ይመታል። የዱዌይን ብዙ ነው። የጃኒስ አለ። የእኔማ መጋረጃ ይወጣዋል። የሌስተር ግን አንድም አልነበረም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳውን እያሳዩ፣ «ፈልግ እስቲ፣ የኔን ፈልግ!» ይሉ ነበር። ሀብታቸው ይኼው ነበር።

አንድ ዓመት ዓይናቸው ደከመ። አንድ ምሽት የጎረቤት ውርንጭላ አጋዘን መስሏቸው አነጣጠሩ፤ ዱዌይን አፈሙዙን ወደ ላይ ገፋው። ማንም አልተጎዳም። ያን ጊዜ አንድ ሰው «አባዬ፣ ዓይንህ እስኪታከም ጠመንጃ አትያዝ» ማለት ነበረበት። ማንም አላለም። ስለ በረዶው አወሩ፣ ራት በሉ፣ ተኙ።

በተከታዩ ጸደይ ጃኒስ ሐኪም ቤት ወስዳቸው ከሁለቱም ዓይናቸው የሞራ ግርዶሹ ተነሣላቸው። ጋዜጣ ያለ መነጽር ማንበብ ጀመሩ። በዚያው ዓመት አደኑ በተከፈተበት ጠዋት ብርቱካንማ ጃኬታቸውን ለብሰው ዛፍ ላይ ወደሠሩት የአደን ማማቸው ሲወጡ፣ «ኸርብ፣ ዛሬ ቅጠሉን አንድ በአንድ አየዋለሁ» አሉኝ። እንደ ሙሽራ ነበር የሚራመዱት።

ምሳ ላይ ተመለሱ። ዱዌይን ቋሊማ እየጠበሰ ነበር።

«አባዬ፣ ምነው ተኩስህ አልተሰማ? እንቅልፍ ወስዶህ አጋዘኖቹ ሲስቁብህ ነበር እንዴ?»

«ትልቅ ወንድ መጣ» አሉ። «ቀንዱ እንደ ወንበር የሰፋ። ማማዬ ሥር ቆመ። ምላጩን ሳብኩ። ቀጭ አለ። ሌላ ጥይት አቀባበልኩ። ቀጭ። ሦስተኛው ላይ ቀና ብሎ አየኝና እየተራመደ ሄደ። እየተራመደ!»

ጃኒስ ወንድሟን አየችው። እኔ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ዱዌይን ግን ሳቀ። «ሰበብ አይቆጠርም! ሳትክ ማለት ነው፤ ሸሚዝህን አምጣ!»

«አልተኮስኩም እኮ።»

«አነጣጥረሃል፣ ስበሃል፣ አጋዘኑ በሕይወት አለ። አበቃ! በዚህች ጎጆ ሕጉን ያወጣኸው ራስህ ነህ።» ቢላዋውን አነሳ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው እንደቆሙ የሸሚዛቸውን ጫፍ ቆረጠው፣ ስማቸውን ጻፈበት፣ በምስማር መታው። እየሳቀ። የመዶሻው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሌስተር ጨርቁን ትንሽ አዩት። ከዚያ ሦስቱን ጥይቶች ከኪሳቸው አውጥተው ገበታው ላይ ደረደሩ።

«ኸርብ፣ ጠመንጃህ ይኼንኑ ጥይት ይጎርሳል አይደል? አውሰኝ።»

ሰጠኋቸው። ከእነዚያው አንዱን አጎረሱና በሩ ላይ ቆመው ከማዶ የወደቀ ግንድ ላይ ያለች ጉጥ አነጣጠሩ። ጫካው አስተጋባ። ጉጧ ከመሐሏ ተፈለጠች። ወደ ውስጥ ተመልሰው የራሳቸውን ጠመንጃ መዝጊያ ፈቱ፤ ጥይቱን የሚመታውን መርፌ አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። ጫፉ በሞረድ ተበልቶ አጥሯል፤ ጥይቱ ዘንድ አይደርስም።

«ማነው?»

ቋሊማው እያረረ ነው። የሚያወርደው የለም።

«እኔ ነኝ» አለ ዱዌይን። «አምና ከአደኑ በኋላ፣ ላጽዳልህ ብዬ የወሰድኩት ጊዜ። ውርንጭላው... ሰው ትገድላለህ ብዬ ፈራሁ።»

«ለአንተ ብለን ነው፣ አባዬ» አለች ጃኒስ።

ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ ሐኪም ቤት ወሰድሽኝ። እንዴት ነው፣ ታያለህ ወይ ብለሽ እስከ መጨረሻው መስመር ፊደል አስነበብሽኝ። ቁጭ ብለሽ አለቀስሽ እኮ በደስታ! ያን ጊዜም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከታከምኩ በኋላ ለምን አልጠገናችሁትም?»

«ለመጠገን ጠመንጃውን መውሰድ አለብኝ» አለ ዱዌይን። «ለምን ብትለኝ ምን እላለሁ?»

ይኸው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር አፍረው አባታቸውን ከዱላ የማይሻል ጠመንጃ አስይዘው ማማ ላይ እንዲቀመጡ ላኳቸው። ፍቅር ነው የሚለኝ ሰው ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ከራሳቸው አባት ጋር ለአንዲት መራራ ጨዋታ ለመቀመጥ ወኔ ያጡ ሰዎች ናቸው፤ ፈሪነታቸውን የፍቅር ካባ አለበሱት። በዚያ ላይ ሸሚዙን ቆረጡ!

ዱዌይን ጨርቁን ሊነቅል ወደ ግድግዳው ሄደ።

«ተወው!» አሉ ሌስተር። «ስተሃል ብላችሁ ፈርዳችኋል፤ ይሰቀል። አንተ ግን ፊት ለፊት ብትነግረኝ ጠመንጃውን እኔው ራሴ አስረክብህ ነበር። ታውቃለህ?»

አያውቅም። ጠይቆ አያውቅማ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቤት አደረስኳቸው። መንገዱን ሁሉ ስለ መኪናዬ ጎማ አወሩልኝ።

በቀጣዩ ኅዳር አልመጡም። ዱዌይን አዲስ መርፌ አስገብቶ ጠመንጃውን መልሶላቸው ነበር፤ ከጓዳ በር ጀርባ እንደቆመ ነው። በእኛ ጎጆ ልማድ አንዱ አዳኝ የሌላውን ድርሻ ይገድልለታልና፣ ዱዌይን በአባቱ ስም በወጣ የአደን ፈቃድ አንድ ወንድ አጋዘን ጥሎ ቋሊማ አስደርጎ ይዞላቸው ሄደ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ሌስተር በሩን ከፈቱ። ጥቅሉን ተቀብለው በእጃቸው መዘኑት።

«ማን ገደለው?»

ዱዌይን ሊያስቃቸው ፈልጎ፣ «አንተ ነሃ፣ አባዬ!» አለ።

ሽማግሌው ጥቅሉን መልሰው እጁ ላይ አስቀመጡለት፤ በሩንም ዘጉት።