ሲሶው የማን ነው?

ሥራ የጀመርሁት ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ ሳለ ነው። ቅኔ ቤት የመጀመሪያ ዓመቴን ሳልጨርስ ጉባኤው ተበተነ፤ ለመንገድ ንጣፍ የሚሆን ብሎኬት ከሚሠራበት ግቢ ተቀጠርሁ። በመጀመሪያው ቀን ካፖው፣ ማለትም ጣሊያናዊው አለቃችን፣ አካፋ ሰጠኝና በእጁ ምልክት አሳየኝ። ቆፍር ያለኝ መስሎኝ መሬቱን መቆፈር ጀመርሁ። ለካ አሸዋውን አገላብጥ ማለቱ ነበር።

የሲሚንቶ አቡኪዎቹ አለቃ አያ ደሴ፣ ከይጁቤ የመጣ ገበሬ፣ አካፋውን አዙሮ አስያዘኝ። «ተማሪ፣ እዚህ ድንች አይቆፈርም» አለኝ።

ለዘጠኝ ሣጥን አሸዋ ሦስት ሣጥን ሲሚንቶ እንጥላለን። በደረቁ ሦስት ጊዜ ይገለበጣል፤ ውኃው በኋላ ነው። ከዚያ ቅርጽ በሚያወጣው የእንጨት ፎርማ ውስጥ ይጠቀጠቅና እርጥብ ገለባ ለብሶ ይሰነብታል።

አንድ ሰሞን በደጀን በኩል የሚመጣው ሲሚንቶ ቀረ። አርበኞች መንገዱን ቆርጠውታል ይባል ነበር። ካፖው ከጡብ ማቃጠያው ጀርባ የተከመረውን ስባሪ ጡብ አሳየን፤ ማንም የማይፈልገው ጥራጊ ነው። ተወቅጦ፣ በወንፊት ተነፍቶ ከሲሚንቶው ጋር ይቀላቀል ተባለ። አስተርጓሚው አቶ ገብረ ኪዳን «ሁለቱን በሲሶ አድርጉ» ብለውን ሄዱ።

ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ አይገባውም እንዳልባል ተውሁት። በኋላ አያ ደሴን ጠየቅሁት።

«ሲሶው የማን ነው?»

«መሬት በሲሶ ሲታረስ አላየህም? ባለመሬቱ ሲሶውን ይወስዳል፤ ሁለቱ እጅ የአራሹ ነው።»

«እዚህ ባለመሬቱ ማን ነው?»

«በመኪና የሚመጣው ነዋ! ጡቡማ እንደኛው ጭሰኛ ነው።»

ቅኔ ቤት ቃል አገላብጦ ማየት ለምጄ ስለነበር ነገሩ ደስ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሣጥን ሲሚንቶና ሁለት ሣጥን የጡብ ዱቄት እየቆጠርሁ ጣልሁ።

ካፖው ሊፈትን መጣ። አንዱን ብሎኬት ከጉልበቱ ቁመት ለቀቀው፤ ተፈረካከሰ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ካፖው ጮኸ። አቶ ገብረ ኪዳን ፊታቸው ገርጥቶ «ሆን ብላችሁ አበላሻችሁ ነው የሚለው» አሉን። የአቡኪዎቹ አለቃ አያ ደሴ ነውና እጁ ታስሮ ወደ ጦር ሰፈሩ ተወሰደ። በሻጥር ተጠርጥሮ እዚያ ገብቶ የወጣ ሰው አላየንም ነበር።

የቆጠርሁት እኔ ነኝ። ወደ አስተርጓሚው ሄድሁ።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለጡቡ የሚገባውን ሲሶ ለሲሚንቶው ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«ለሲሚንቶው። ባለመሬቱ እሱ ነው ብዬ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ ሰው፣ ይህን እንዴት አድርጌ ነው በጣሊያንኛ የምነግረው?»

ሲነግሩት ቆሜ አየሁ። ካፖው አንዴ እኔን፣ አንዴ ፍርስራሹን ያያል። ሊስቅ ይሁን ሊቆጣ አልለየልኝም። ሣጥኖቹን አሳየኝ አለ። አንዱ በሲሚንቶ ግራጫ ሆኗል፤ ሁለቱ በጡብ ዱቄት ቀልተዋል። ሦስቱንም በእርግጫ መታቸውና ሄደ። አያ ደሴ ስሕተት ነው ተብሎ በሦስተኛው ቀን ተፈታ።

እንኳን ተፈታህ ልለው ብሄድ ቤቱ ሰው ሞልቷል። «የጣሊያንን መንገድ ያፈረሰ ጎበዝ!» እያሉ ያወድሱታል፤ እሱ እየሰማ ጠላ ይቀዳላቸዋል። ሲሸኘኝ ጆሮዬ ሥር «እንዳትነግራቸው ተማሪ» አለኝ።

«ምኑን? መሳሳታችንን?»

«አንተስ ተሳስተህ ይሆናል» አለኝና ተመልሶ ገባ።

እስኪሞት ድረስ ከዚህ ሌላ አልነገረኝም። ሃያ ዓመት በሲሶ ያረሰ ሰው ነበር። ተሳስቶ ይሁን አውቆ፣ ዛሬም አላውቅም።

በኋላ እኔም አለቃ ሆኜ ከስባሪ ጡብ ዱቄት ብዙ ብሎኬት አሠርቻለሁ፤ መጠኑ ከተጠበቀ ይጠነክራል። ሠራተኞቼን ግን «በሲሶ» ብያቸው አላውቅም። ሁለት ሣጥን ሲሚንቶ፣ አንድ ሣጥን ዱቄት እላለሁ፤ መልሰው እስኪነግሩኝም ከዚያ አልንቀሳቀስም።