የንጉሡ ግብር በዞሰንሃይም

ባለቤቴ እዚህ ጀርመን አገር ሥራውን ጨርሶ ሬንተ፣ ያው ጡረታ፣ ሲወጣ፣ እንደ ሰው ባል ኒዳ ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ዳክዬ ያያል ብዬ ነበር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ እሱ ዩኒቨርሲቲው ሽማግሌዎችን በእንግድነት እንደሚያስገባ ሰማና ቦርሳ አንግቦ ተማሪ ሆነ። ከተማረስ ስለ ስኳር በሽታ ይማር፤ በሽታውም የራሱ ነው። የመረጠው ግን የጥንት እንግሊዞች ስለ ንጉሥና ስለ ፈረሰኞች የገጠሙትን ግጥም ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ የእንግሊዝኛ ተማሪ ነበር፣ በስደት አቋረጠው። "ካቆምኩበት ልቀጥል" አለኝ። እኔም በዚህ ዕድሜ ከሌላ ሴት እንግሊዝ ይሻላል ብዬ ተውኩት።

ግጥሙ እንደኛ ስንኙ መጨረሻ ላይ ቤት አይመታም። በአንዱ ስንኝ ውስጥ ያሉት ዋና ዋናዎቹ ቃላት በአንድ ድምፅ ይጀምሩና፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያሉ ይሄዳሉ። ይህን ካወቀ ወዲህ ቤታችን ሰላም አጣ። እራት ሳቀርብለት ሳህኑን ትኩር ብሎ ያይና፣ "ሥጋ ሰውረሽ ሰላጣ ሰጠሽኝ" ይለኛል፤ ከዚያ ጣቱን እያነሣ ድምፁን ይቆጥርልኛል። ታሪኩንም ሳልወድ በግዴ አወቅሁት። ንጉሡ ግብር ያበላል፤ ፈረሰኞቹ ሲጠግቡ ይፎክራሉ፤ በማግስቱ የፎከሩትን ሊፈጽሙ ሄደው ያልቃሉ። ያን ሁሉ ወጥ ማን እንደሠራው፣ ዕቃውንም ማን እንዳጠበው የሚናገር አንድ ስንኝ የለም።

"ይህን የገጠመው ወንድ ነው" አልኩት።

"ገጣሚው አይታወቅም" አለኝ።

"ይታወቃል" አልኩት።

በዚህ መሀል ልጃችን እንግሊዝ ላገባ ነው ብላ መጣች። ልጁ ባንክ የሚሠራ፣ ሲገባ ጫማውን በር ላይ የሚያወልቅ ጨዋ ነው። አብረው መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል፣ ድመት እንኳ አላቸው። አባቷ ግን "ሽማግሌ ሳይላክ ልጄን አልሰጥም" ብሎ ተነሣ።

"ፓፓ፣ እኔ የፖስታ ፓኬት ነኝ እንዴ?" አለችው በጀርመንኛ።

የልጄ አማርኛ የወጥ ቤት አማርኛ ነው። ብዪ፣ ጠጪ፣ በሩን ዝጊው ይገባታል፤ ከዚያ ካለፈ በጀርመንኛ ትመልሳለች። ቢሆንም እሺ አለች፣ ለሽምግልናውም ቀን ተቆርጦ ቴርሚን ተያዘ። ለምን እሺ እንዳለች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ድንች ስልጥ አጠገቤ ቆማ፣ "ፓፓ ደስ እንዳለው አንድ ጊዜ ከአፉ መስማት እፈልጋለሁ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም" አለችኝ። አሳዘነችኝ። ያ ሰው ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚወዳት፣ ከአፉ የሚወጣው ግን "ጃኬትሽን ልበሺ" ብቻ ነው።

እሱን የሚያስጨንቀው ደግሞ ሌላ ነው። "ለእነዚህ ሰዎች እኔ ማን ነኝ? አንድ ስደተኛ ነኝ። የአባቶቻቸውን ግጥም በአባቶቻቸው ቋንቋ ሳሰማቸው ግን ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ። ያለቅሳሉ" አለኝ። ከኒድ እስከ ሰፈራችን ዞሰንሃይም በወንዙ ዳር እየፎከረ ሲያጠና፣ ውሻ የሚያንሸራሽሩ ጀርመኖች መንገድ ይለቁለት ነበር።

ቀኑ ደረሰና የሙሽራው አባትና እናት ሽማግሌ ሆነው መጡ። በእኛ ወግ ሽማግሌ ቆሞ ጉዳዩን ይናገራል፤ ተቀመጡ እስኪባል አይቀመጥም፣ እሺ እስኪባልም እህል አይቀምስም። አባትየው ገና ከመግባቱ የባለቤቴ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሳምቡሳ አነሣ። ባለቤቴ ንዴቱን ዋጥ አደረገው። ከዚያ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተነሣና፣ ምን ሊል እንደሆነ ለእንግዶቹም ለልጃችንም ሳይናገር፣ እየተንጎራደደ ያንን የጥንት እንግሊዝኛ ለቀቀው።

እኔ ዓይኔን እንግዶቹ ላይ ተከልኩ፤ አሁን ያለቅሳሉ ብዬ። አባትየው ሳምቡሳውን እንደያዘ በአክብሮት አዳመጠና፣ ወደ ሚስቱ ዘንበል ብሎ፣ "አማርኛ እንዴት የሚያምር ቋንቋ ነው" አላት።

ወይ ጉድ። የገዛ አያቶቹ ቋንቋ ነው እኮ። ባለቤቴም ሰምቷል፤ ፊቱ ልውጥ ሲል አየሁት። ሰው የሞተበት ያህል አዘንኩለት። ነገሩን ላስረዳ አፌን ስከፍት ግን እናትየው ቀደመችኝ፤ ወደ ልጄ ዞራ፣ "አባትሽ ምን እያሉ ነው?" አለቻት።

ልጄ መተርጎም ጀመረች። ለካ እሷም አማርኛ መስሏታል። አባቴ ከባድ አማርኛ ነው የሚናገረው እያለች ያደገች ልጅ ናት፤ ያልገባት ነገር ሁሉ ለእሷ ከባድ አማርኛ ነው።

እሱ ግጥሙን ሳያቋርጥ ለንጉሡ ገበታ የቀረቡትን ወፎች ይዘረዝራል፤ ዝይ፣ ጣዎስ፣ ቆቅ። እሷ በእንግሊዝኛ፣ "ትንሽ ሆኜ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ፣ እጄን መልቀቅ እሱም ይከብደው እንደነበር ይናገራል" ትላለች። እሱ ፈረሰኞቹን ኮርቻ ላይ ያወጣል። እሷ፣ "ቤቱ ባዶ ይሆንብኛል፣ ግን ደስ ብሎኛል ይላል" ትላለች። ደስ ብሎኛል የሚል ቃል ከዚህ ሰው አፍ ወጥቶ አያውቅም። ከየት አመጣችው? እኔ አላስተማርኳት። እናትየው መሀረብ አወጣች፤ ያለቅሳሉ ያለውስ ደረሰ።

የባለቤቴ እንግሊዝኛ ጥሩ ነው፤ ልጁ ያለችውን አንድ በአንድ ሰምቷል። አሁን ያርማታል ብዬ ፈራሁ፣ ስሕተት ሰምቶ የሚያልፍ ሰው አይደለምና። ያጠናው የት እንደሚያበቃም አውቃለሁ፤ ንጉሡ ዋንጫውን ሲያነሣ ነው። እዚያ ደረሰ፤ ንጉሡ ዋንጫውን አነሣ። ባለቤቴ ልጁን አያት። እሷ የሚቀጥለውን እየጠበቀች ቀና ብላ ታየዋለች። ጋቢውን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደገና ከወፎቹ ጀመረ።