መጥፎ ደሙ ይውጣ
እኔ ሥራ እጄ ሲገባ በጉልበት ካልሆነ አይሆንልኝም። ድስት ሳጥብ ድስቱ ይጮኻል፤ ወለል ስወለውል ታች ያሉት ጎረቤቶች «ምን እየፈረሰ ነው?» ይላሉ። ጥርሴንም የምቦርሸው እንዲሁ ነበር። ከሱቁ ጠንካራውን ብሩሽ መርጬ፣ እንደ ዘነዘና ጨብጬ፣ ግራና ቀኝ እየገዘገዝኩ።

ድዴ ሲደማ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አብራኝ የምትኖረው እናቴ ልጅ ሳለች ድዷን በመርፌ ተነቅሳለች፤ ያን ጊዜ የፈሰሰው ሁሉ መጥፎ ደም ነው ብላ ታምናለች። ምራቄ ቀይ ሆኖ ስታየው፣ «ተይው፣ መጥፎ ደሙ ይውጣልሽ» ትለኛለች። እኔም አምኜ የባሰ እፈትገዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ታችኛው የፊት ጥርሴ በምላሴ ስነካው መነቃነቅ ጀመረ። ፈራሁ። ሳቂታ ሰው ነኝ፤ አፌን በእጄ ሸፍኜ መሳቅን ማሰቡ ራሱ አስጠላኝ። በማግስቱ መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይሬ ገርጂ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ።

ሐኪሟ ልጄን የምታህል ወጣት ናት። አፌን አየችና፣ «የሚደማው ድድዎ ስለታመመ ነው። ጥርሱ ሥር ቆሻሻ ተጋግሯል፣ ጠንካራው ብሩሽ ደግሞ ድድዎን እየሸረሸረው ነው» አለችኝ። አጸዳችልኝና የፕላስቲክ መንጋጋ አውጥታ አሳየችኝ፦ ለስላሳ ብሩሽ፣ እንደ እስክሪብቶ በጣት ተይዞ፣ ወደ ድዱ ዘንበል ብሎ፣ በትንሽ በትንሹ እየዞረ፣ ከውጭም ከውስጥም፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ።

«ሦስት ወር እንሞክር» አለችኝ። «ድዱ ካልያዘው እንነቅለዋለን።»

ሁለት ደቂቃ ቀላል አይምሰላችሁ። እጄ ይረሳና መገዝገዝ ይጀምራል፣ እኔ እቆጣዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ደማ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት አረፋው ነጭ ሆኖ ወረደ፤ ቆሜ አየሁት። በሦስተኛው ወር ሐኪሟ ጥርሴን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ፣ «ይዟል፣ አይነቀልም» አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ለማላውቀው ሰው ሁሉ እየሳቅኩ ቤት ገባሁ።

ለእናቴ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። እሷ አራት ጥርስ ነው የቀራት። እነሱን በምላሷ እየዳሰሰች አዳመጠችኝ።

«እና የኔዎቹ ሲደሙ የነበረው... መጥፎ ደም አልነበረም?»

«ማን ነግሮሽ ታውቂዋለሽ፣ እማዬ» አልኳት።

«በይ እንግዲህ፣ ለቀሩት አሳዪኝ» ብላ አፏን ከፈተች። አዲስ ለስላሳ ብሩሽ አወጣሁ። በጣቴ ጫፍ ይዤ፣ ወደ ጠቆረው ንቅሳት ዘንበል አድርጌ፣ በትንሽ በትንሹ አዞርኩላት። በሕይወቴ ምንም ነገር እንደዚያ በቀስታ ነክቼ አላውቅም።