አብሮ የተሰደደው ዋስ

ከአዳማ የወጣን ሌሊት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ እናቴ እኔን ወደ ውስጥ አስገብታ ወንድሜን ቢኒያምን ከደጅ አስቆመችው። ዳቦውን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝና፣ ስሙን ሳትጠራ፣ «ለሱም ቁረሺለት» አለች። ገና ጥግ ሳንታጠፍ መቀርቀሪያው ሲገባ ተሰማን፤ ከዚያ ቁልፉ፣ ከዚያ ሌላው ቁልፍ።

«ሁለተኛውን እኔ ነኝ ያስገዛኋት» አለኝ ቢኒያም እየሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ቴሌቪዥናችንን የሸጠ ጊዜ ነው የተገዛው።

ከአዳማ አዳሚ ቱሉ ምን ስደት ነው ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ። በሞጆና በመቂ በኩል ለምሳ የሚደረስበት አገር ነው። ግን የስፌት መኪናዬን፣ ደንበኞቼን፣ ያንን የተረገመ የአዳማ አቧራ ሳይቀር ጥዬ ሌላ ሰው ባጠፋው ጥፋት አገር ከለቀቅሁ፣ ሌላ ምን ልበለው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢኒያም መናኸሪያው አካባቢ «ተራ እናስከብራለን» እያሉ ሾፌር ከሚደበድቡት ዱርዬዎች አንዱ ነበር። «ምላጭ» ይሉት ነበር። ታስሮ ወጣ። ከዚያው ቡድን የነበረው ገመቹ ቀድሞ ተፈትቶ አዳሚ ቱሉ የውሃ ፓምፕ መጠገኛ ከፍቷል፤ በቃኝ ያለ የድሮ ጓደኛውን እየጠራ ሙያ ያስተምራል። ደንቡ ግን የትም ሰምቼው የማላውቀው ነው። ዋስ ይፈልጋል፤ ዋሱ ደግሞ አብሮ መጥቶ መኖር አለበት።

«ፊርማማ ስንፈታም ፈርመናል» አለኝ ገመቹ በስልክ። «አንድ የሥጋ ዘመድ አብሮት ይብላ፣ አብሮት ይደር። እስከ ፋሲካ ከቆየሽ እሱም ይቆያል። ከሄድሽ ይዘሽው ሂጂ።»

እናቴም ቃል ገባች፤ እስከ ፋሲካ ከጸና በዓሉን ቤቷ ይውላል። ለዚህ ነው የሄድኩት። መኪና ውስጥ እሱ መስኮቱን ሲያይ እኔ እጁን ሳይ ደረስን።

ቤት ያከራየን ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ከእግር እስከ ራሳችን አዩን።

«ባልና ሚስት ናችሁ?»

«እህትና ወንድም ነን።»

«ወንድምሽ ግንባሩን ምን ሆኖ ነው?»

«ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቆ ነው።»

«ዛፉ ቢላዋ ይዞ ነበር?»

ቀበሌ ደግሞ መሸኛ አላመጣችሁም ተባልን። «መሸኛ የሌለው ሰው እዚህ የለም ማለት ነው» አለ ሠራተኛው። «ይኸው ቆሞ እያዩት?» ስለው፣ «አያለሁ፣ ግን የለም» አለኝ። ቢኒያም ጎንበስ ብሎ፣ «ሊይዙኝ ለመጡት ፖሊሶች እንዲህ ብለውልኝ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለው። በዚያ ቀን ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች።

ቀስ እያልን ለመድን። በአዳማ አቧራ ፋንታ የሐይቁ ቢምቢ፣ በባጃጅ ጩኸት ፋንታ የፓምፕ ጩኸት። ሰላምታቸው አያልቅም። «አካም ቡልተኒ»፣ እንዴት አደራችሁ፣ ብለው ይጀምሩና ሰው ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ከብት ደህና ይላሉ። ከብት የለንም ብላቸው፣ «ይመጣል» ይሉኛል። እኔ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሥራ ያዝኩ። ቢኒያም በየማታው እስከ ክርኑ ግራሶ ተቀብቶ ይገባል። ገመቹም «እጁ ፈጣን ነው» ብሎ አመሰገነልኝ። ይህን ምስጋና ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ።

ብዙ ተከራይ ባለበት በኦቦ ቱፋ ግቢ ቁልፍ ይዞ የሚወጣ ሰው የለም። የሚወጣው ቤት ለሚውለው ሰጥቶ ይሄዳል፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ይመለሳል፣ ዝናብ ይመጣል፣ በግ ይጠማል። እኔ ብቻ ቁልፌን በክር አስሬ አንገቴ ላይ አጠለቅሁ። የኦቦ ቱፋ ባለቤት አዴ ጫልቱ አንድ ቀን አይታ፣ «ክታብ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ ምን ላድርግ።

ፋሲካ ሲቃረብ የአዴ ጫልቱ ወንድም መቂ ላይ ሞተና ግቢው ሁሉ ለቅሶ ሄደ። የቀረነው እኔና በዚያ ቀን ሥራ ያልነበረው ቢኒያም ነን። ኦቦ ቱፋ፣ እኚያ ስለ ዛፉ የጠየቁኝ ሰውዬ፣ የሁሉንም ቤት ቁልፍ ሰብስበው ለእሱ ሰጡት።

«ሆ፣ ያዝ። በጎቹን አጠጣልኝ።»

ራሴን አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁና በራችን ላይ ተቀመጥኩ። እሱ በጎቹን አጠጣ፣ ግቢውን ጠረገ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ድንገት ወረደ። አዴ ጫልቱ በርበሬ አስጥታ ነበር የሄደችው። ቢኒያም ጨርቁን በአራት ማዕዘኑ ሰብስቦ በደረቱ አቅፎ ወደ ቤቷ ሮጠ፣ ቁልፉን አወጣ።

«እንዳትከፍት!» ብዬ ጮህኩ።

ዝናቡ እየወረደበት ቆመ። በርበሬው ይርሳል። ዞሮ ወደ እኛ ቤት መጣ፤ የእኛም ተቆልፏል፣ ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው። እጁን ዘረጋ። እኔ ግን አልሰጠሁትም፤ ጎንበስ ብዬ ራሴ ከፈትኩት። በርበሬውን አልጋዬ ላይ ዘርግቶ፣ ውሃው ከፀጉሩ እየተንጠባጠበ፣

«ዋሴ መስለሽኝ ነበር፣ እትዬ» አለኝ።

አፈርኩ፤ ደግሞም አሁንም ልቤ የጎረቤቶቹን በሮች ይቆጥር ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

ሲመሽ እናቴ ደወለች። እጄ በርበሬ ስለነካ ስልኩን መሬት አስቀምጬ ድምፁን ለሁለታችንም ለቀቅሁት። ቢኒያም የሰዎቹን ቁልፎች ጉልበቱ ላይ አድርጎ መምጣታቸውን ይጠብቃል።

«እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው፣ ለፋሲካ ይምጣ» አለች እናቴ። ቢኒያም ቀና አለ። «ግን ዓይንሽን ከሱ ላይ እንዳትነቅዪ። ለመሆኑ ቁልፍሽን የት ነው የምታደርጊው?»

«አንገቴ ላይ።»

«ጎበዝ ልጄ! እንዳታወልቂው።»

ቢኒያም ቁልፎቹን አንድ በአንድ ያገላብጣል። ክሩን አወለቅሁና ቁልፉን ዘረጋሁለት። አየው፣ አልተቀበለኝም።

«ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ በሹክሹክታ። «እንዳወለቅሽው ለሷ ንገሪያት።»

«ሃሎ?» ትላለች እናቴ ከአዳማ። «ሃሎ? አለሽ?»

«አለሁ፣ እማዬ» አልኩ፤ ቁልፉ ገና እጄ ላይ ነው።