ሦስቱ መንቀጥቀጦች

«ሁለት ቋንቋ ይዘሽ ዝም ትያለሽ፤ ንፉግ ነሽ» አለችኝ ባለሱቋ ዘሃራ፣ ባለፈው ሳምንት፣ ሰው ፊት። ከሰሃላ የመጣች አሮጊት በኽምጣንጋ ስታናግራት አላስተረጉምም ብዬ ነው። ትበለኝ። ንፉግስ በሆንሁ።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስሁ ቀበሌው ሰቆጣ ክሊኒክ አስተርጓሚ አድርጎ መደበኝ። ጤና ረዳቱ የሸዋ ሰው ነው፤ ኽምጣንጋ አንድ ቃል አይሰማም። መጀመሪያ ያዘዘኝም ቃል መሰብሰብ ነበር። «መንቀጥቀጥ ሁሉ አንድ መድኃኒት የለውም» አለና ደብተሬ ላይ ሦስት መስመር አሰመረ፦ ወባ የሚያንዘፈዝፈው፣ እርጅና እጁን የሚያንቀጠቅጠው፣ መሬት ላይ ጥሎ የሚያንፈራፍረው። የየአንዳንዱን ኽምጣንጋ ፈልጊ ማለቱ ነው።

እናቴን ጠየቅሁ። ምስር እየለቀመች ሁለቱን ወዲያው ነገረችኝ። ሦስተኛው ላይ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ይኸን ሰው ፊት የሚናገረው የለም። ሴት ልጅ ከሆነች ማን ያገባታል? ብርድ ነው ይሉሻል። አንቺ ገለል አድርገሽ፣ ከክሊኒኩ ግንብ ጀርባ ወስደሽ ጠይቂ።»

ቃሉን ጻፍሁ፤ ምክሩን ተውሁት።

ሰኔ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት እናት የአሥር ዓመት ልጇን ይዛ ከጋዝጊብላ መጣች። ሰልፉ ከበር አልፎ ጭቃው ላይ ቆሟል፤ ቤቱ የረጠበ ጋቢ ይሸታል። እኔ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ካልሆነ አይሆንልኝም። ሴትዮዋ ከኋላዋ የቆሙትን ወንዶች ዞር ብላ አየችና «ብርድ ያንዘፈዝፋታል» አለችኝ።

«ቆላ ወርዳ ነበር?» አለ ጤና ረዳቱ።

ሴትዮዋን ሳልጠይቅ «አዎ፣ አበርገሌ» አልሁት። የወባ ክኒን ሰጣት። እኔን «ጎበዝ፣ ፈጣን ነሽ» አለኝ፤ ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ልጅቷ በሽታው ጥሏት ምድጃ ላይ ወድቃ ክንዷ እስከ ክርኗ ተቃጥሏል። እናትየዋ አሁን ሰው አልፈራችም፤ ከበሩ ጀምራ ያንን ሦስተኛ ቃል ትጠራለች።

ጤና ረዳቱ ቁስሉን ሲያጥብ ቆየና «ቆላ የወረደችው መቼ ነበር? ጠይቂያት» አለኝ።

ጠየቅኋት። ግራ ገብቷት አየችኝና መለሰች።

«ምን አለች?»

ከእኔ በቀር ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ እዚያ ቤት አልነበረም።

«ቆላን በዓይናችን አይተነው አናውቅም፤ ማን ነው እንዲህ ያላችሁ? አለች» አልሁት።

እጁ ቁስሉ ላይ ቆመ። የቃላቱን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና በሰልፉ መሃል ወጣሁ።