ስትሮጥ የጠራኋት ቀን

በ2001 ዓ.ም. በጋ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ከቢቸና ተነሥቼ ዓባይን ተሻገርኩ። ልጄ ዋና ከተማ ካለው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። «ወላጆች የሚጋበዙበት ቀን አለ፤ ነይ። እኔም እሮጣለሁ» ብላ ደውላልኝ ነበር። ምን ለብሳ እንደምትሮጥ አልጠየቅኋትም።

የንስሐ አባታችንም ለቤተ ክህነት ጉዳይ ወደዚያው ስለሚሄዱ አብረን ተጓዝን። ልጄን ያጠመቋት እሳቸው ናቸው። እኔ ዳቦ ቆሎና ሞጣ ያለችው እኅቴ የላከችውን ማር ይዤ ነበር።

ልጄ ግቢውን አዞረችን። ከአጥሩ ውጭ ታክሲው ይጮኻል፤ ውስጡ ግን ዛፍ በዛፍ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ሰው ሞልቶበት ኮሽታ አይሰማም። አንድ ክፍል ውስጥ ከየአገሩ የመጣ አፈር በከረጢት ተደርድሯል፤ ምን እንደጎደለው መምህራኑና ተማሪዎቹ ይመረምራሉ። «እኛው አገር ካለችው ከየትኖራ የመጣም አለ» ስትለን አባ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ሰደዱ።

«አይነካም አባ» አለቻቸው ቀስ ብላ።

ምግብ ቤቱን ሲያዩ ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ ቅኔ ስንማር ቁራሽ እየለመንን፣ ውሻ እየነከሰን ነበር። እነዚህማ እየተሰፈረላቸው! ተመስገን በይ እንጂ።»

«ተመስገን» አልኩ። ከልቤ ነበር።

ሜዳው ጋ ስንደርስ ልጄ እጄን ያዘች። «እማዬ፣ ነገ ጠዋት ቡድኑ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሊወዳደር ይሄዳል። በረጅም ሩጫ የሚወስዱት አንዲት ሴት ብቻ ነው። ዛሬ የቀደመችውን። ዓመት ሙሉ ጎሕ ሲቀድ የተነሣሁት ለዚህ ነው» አለችና ልትለብስ ሄደች።

ስትመለስ አላወቅኋትም። ቁምጣ ለብሳለች። ጭኗ፣ ክንዷ፣ ሁሉም ሜዳ ላይ ነው። ቤታችን ነጠላ ሳትደርብ ደጅ የማትወጣ ልጅ ነበረች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባ መቋሚያቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

«ይኸ ደግሞ ትምህርት ነው?» አሉኝ።

«እኔ አላውቅም አባ።»

ከኋላችን ተማሪዎቹ ይጮኻሉ። «በርቺ ጎጃም! ማር ልሳ የመጣችውን ማን ይይዛታል!» እኔ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ጎትቼ ተቀምጫለሁ። ዙሩ እየሄደ ነው።

«ስንት ቀረ?» አሉ አባ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ።

ደወል ተደወለ። የመጨረሻው ዙር ነው። ቀና ስል ልጄ ብቻዋን ከፊት ናት፤ ሌሎቹ ከኋላዋ ርቀዋል። ማፈሬን ረሳሁት። ተነሥቼ ቆምኩና፣ ላበረታታት ብዬ፣ በቤት ስሟ ጠራኋት።

ቤታችን ደንብ አለ። ወላጅ ሲጠራ ልጅ የያዘውን ትቶ፣ ቆሞ፣ «አቤት» ይላል። እየሄዱ «አቤት» ማለት ነውር ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ስትረሳም ቆንጥጫታለሁ።

ልጄ ቆመች። ወደኔ ዞራ፣ እያለከለከች፣ «አቤት እማዬ?» አለች።

ሜዳው ሁሉ ሳቀ። «ሩጪ» አልኳት፤ ድምፄን ሳቁ ዋጠው። ከኋላ የነበረችው ልጅ አለፈቻት። ያኔ ነው የባነነችው። ተከተለቻት፤ ልትደርስባት ጥቂት ሲቀራት መስመሩ አለቀ።

ወደኛ ስትመጣ አላለቀሰችም። «ምን ፈልገሽ ነው እማዬ?»

«ምንም።»

ነጠላዬን አወለቅኩና ደረብኩላት። በእግሯ መራቆት ያፈርኩት እኔ፣ አሁን ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ስትጠሪያት የምትቆም ልጅ ሰጥቶሻል» አሉ። ማመስገን ይገባኝ ነበር። ቃላቸው ግን ይበልጥ አሳፈረኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ቆሎውንና ማሩን ይዤ ቡድኑ ወደሚሳፈርበት በር ሄድኩ። ልጄ የትናንቷን አሸናፊ ሻንጣ ይዛላት ቆማለች። የዚያች ልጅ አገር ከኛም የራቀ ነው፤ የሚሸኛት ዘመድ አልነበረም። ስንቁን ሰጠኋት።

«የርሷ አይደለም እንዴ?» አለች ወደ ልጄ እያየች።

«የመንገደኛ ነው፤ ያዢው» አልኳት።

ተቀብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ፈገግ ብላ «እማማ፣ ውድድሩ ላይ ግን እንዳይመጡብኝ» አለች። ልጄ ሳቀች። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

አውቶቡሱ ሲነሣ ልጅቱ በመስኮት እጇን አወጣች። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ ይዤ፣ ሳልጣራ፣ በእጄ ብቻ ሸኘኋት።