የሾላ ሜዳ ባለይዞታ

እናትነሽ ኳስ አትወድም። ይህን ከመነሻው ተናግሮ መገላገል ይሻላል፤ ምክንያቱም አራት ወር ሙሉ አገር ምድሩን ያመሰው የኳስ ሜዳ ባለይዞታ እሷው ናት።

ሾላ ሜዳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በርበሬ ሻጮች ከሚቀመጡበት ጉልት ጀርባ ነው። የእናትነሽን ጓሮና ሜዳውን የሚለያቸው አንድ የቅንጭብ አጥር ነው፤ እሱም መሐሉ ተሸንቁሯል። ኳሷ በሳምንት ሦስት ጊዜ አጥሩን ዘልላ የበርበሬ መደቧ ላይ ታርፋለች። ኳሷን ተከትሎ አንድ ጎረምሳ በሽንቁሩ ይገባና ኳሷ ያልሰበረችውን ችግኝ እሱ ረግጦት ይወጣል። "ይቅርታ እትዬ!" ይላል እየሮጠ። ይቅርታው እንደሆን በርበሬ አያበቅል!

ታዲያ ኳስ የማትወድ ሴት እንዴት የሜዳ ባለይዞታ ሆነች? በባሏ በሐብቴ ነዋ! ሐብቴ ነፍሱን ይማረውና ግንበኛ ነበር። የሾላ በር ክለብ ደጋፊዎች ሊቀ መንበርም እሱ ነበር። ሜዳው ያኔ ከብት እንኳ የማይገባበት ረግረግ ነበር። ደጋፊው ደቦ ወጥቶ በአሥራ አንድ ቀን ቦይ ቀደደለት፣ አፈር ሞላበት፣ ደለደለው። ሐብቴ ደግሞ በዳገቱ በኩል የድንጋይ መቀመጫ እየደረደረ ሠራ። ለአርባ ሰው ንፍሮ የቀቀለች፣ ጠላ የጠመቀች እናትነሽ ናት። ከሰዓት ከሰዓት ደግሞ ድንጋይ ታቀብል ነበር። ሥራው ሲያልቅ ለሐብቴ ተጨበጨበ፤ እሷ ጋን ስታጥብ ዋለች።

ከዚያ የመሬት ለኪዎች መጡ። ክለቡ የምስክር ወረቀት የለው፣ ማኅተም የለው፤ በማን ስም ይመዝገብ? "በጋሽ ሐብቴ ስም ይያዝልን፣ በአደራ" አሉ ደጋፊዎቹ። አንድ አስተማሪ "በአደራ መሆኑን ግን በጽሑፍ እናድርገው" ቢል ሊበሉት ደረሱ። የሐብቴን ቃል በወረቀት ልታስር ነው ወይ ተባለ። ሰውየው አፍሮ ተቀመጠ። የይዞታ ደብተሩ ላይ ከባል ፎቶ ጎን የሚስት ፎቶ እንደሚለጠፍ ግን አንድም ሰው አላሰበም። ጸሐፊው "ሚስትየዋስ?" ሲል እናትነሽ ከነሊጧ ተጠርታ ሄደች፤ ፎቶ ተነሣች፣ ፈረመች፣ ወደ ሊጧ ተመለሰች።

ሐብቴ የዛሬ ሁለት ዓመት በዐቢይ ጾም መጨረሻ ዐረፈ። በደብተሩ ላይ በሕይወት የቀረችው ባለይዞታ አንዲት ናት።

ዘንድሮ ክለቡ ወጉ ደርሶት የምስክር ወረቀት አወጣ፤ ማኅተም አስቀረጸ። የከተማው ክልልም ሰፍቶ ሜዳው ድረስ መጣ። መሬት ጽሕፈት ቤቱ "ባለይዞታዋ እስከ ሰኔ ሠላሳ ቀርባ ትፈርምና ለክለቡ እናዞራለን፤ ካልቀረበች ወደ ከተማው ይገባል" ብሎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈ። በቃ፣ የሚፈለገው አንድ ፊርማ ነው! ከክለቡ ቢሮ እስከ እናትነሽ በር ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። "እትዬ እናትነሽ፣ መጥተው ይፈርሙልን።" አራት ቃል!

ግን እኛ ማን ሆነን ነው ነገር በቀጥታ የምንናገረው? ባሏ የሞተባትን ሴት በመሬት ነገር ፊት ለፊት መጠየቅ ነውር ነው ተባለና ሽማግሌ ተላከ። ለዚያውም በመሪጌታ ይሄይስ መሪነት! መሪጌታ ቅኔ ዐዋቂ ናቸው፤ ውሃ ሲጠሙ እንኳ "ምንጩ ደኅና ነው?" ብለው ነው የሚጠይቁ።

መጋቢት ላይ መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች መደብ ላይ ተቀምጠው የሐብቴን ደግነት አነሡ፣ የዝናቡን ነገር አነሡ። ሊሄዱ ሲሉ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"መቼም ነገሩን ታውቂዋለሽ፣ ልጄ።"

"ዐውቃለሁ፣ አባቴ" አለች።

"እንግዲህ አስቢበት።"

"እሺ።"

ወጡ። ለደጋፊው ምን ብለው ነገሩት? "እያሰበችበት ነው።" እዚህ አገር "እያሰበችበት ነው" ከተባለ እንቢ ብላለች ማለት ነው። እሷ ደግሞ ማታውን "ምን ይሆን የማስበው? ሲጠይቁኝ እሰጣለሁ እንጂ" ስትል ነው ያመሸችው።

ግንቦት ላይ ተመለሱ። ዳግመኛ ሐብቴ፣ ዳግመኛ ዝናብ፣ ዳግመኛ "መቼም ነገሩን..."። እናትነሽ በልቧ "ኧረ ጠይቁኝና ልገላገል!" ትላለች። በአፏ ግን ሽማግሌ ሳይጨርስ መቅደም ባለጌ ያሰኛል ብላ ዝም።

ሰኔ ሲገባ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። በዚህ ጊዜ እናትነሽ ብልሃት አገኘሁ አለች። ደብተሩን ከሣጥን አውጥታ፣ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልላ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላቸው። አይተው ይጠይቁኛል ብላ ነው። ሽማግሌዎቹ ደብተሩን አዩ፤ እርስ በርስ ተያዩ፤ ቀዘቀዙ። ለካ "ደብተሩ በእጄ ነው፣ ምን ታመጣላችሁ" ያለቻቸው መስሏቸዋል!

መሪጌታ ተነሥተው "ጊዜው እየሮጠ ነው፣ ልጄ። ሰኔም ደረሰ" አሉ።

"አዎን፣ ችግኜን ልተክል ነው" አለች እናትነሽ።

ማስጠንቀቂያው ይኸው ነበር። መሪጌታ የሰኔ ሠላሳውን ቀጠሮ ነግረናታል ብለው ለክለቡ መለሱ። ወይ ጉድ! ምን ይደረጋል እንግዲህ?

ከዚያ ወዲያ ዘፈኑ መጣ። የደጋፊው አጋፋሪ ክንዱ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ነው። ከበሮውም በእጁ፣ ድምፅ ማጉያውም በእጁ። እሑድ እሑድ ፊቱን ወደ ቅንጭቡ አጥር ያዞርና ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል።

"ሾላ ሜዳ ሾላ፣
አደራችንን ማን በላ?"

ስሟን አይጠራም። ስድቡም እንደ ጥያቄው በዙሪያ ነው የሚመጣው! ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ አሥር ዓመት በርበሬ የገዟት ደንበኞች ዐይናቸውን ሰብረው ያልፏታል። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም አጠገቧ የቆመችው ፈቀቅ ትላለች። አደራ በላ መባል በዚህ አገር ከሌባ ይብሳል፤ ሌባማ የማያምነውን ሰው ነው የሰረቀ። እናትነሽ ገበያ መውጣት ተወች። በርበሬዋንም ጎረቤቷ ተናኜ እንድትሸጥላት ሰጠቻት።

ተናኜ አንድ ቀን መረራት። "ምነው ሄደሽ 'እፈርማለሁ' ብትያቸው?"

"እኔ? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ልሁን? አሁን ተነሥቼ 'እንኩ' ብል ምን የሚሉ ይመስልሻል? 'በልታ ኖሮ ዘፈኑን ስትሰማ ተፋችው' ነው የሚሉኝ! አይደረግም። ባለ አደራ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ባለቤት መጥቶ ይጠይቃል። ወጉ እንዲህ ነው።"

"ወጉ ይገድልሻል" አለች ተናኜ።

ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው እሑድ እናትነሽ ጓሮዋን ትኮተኩታለች። ከአጥሩ ማዶ የክንዱ ድምፅ ማጉያ ጮኸ።

"ወገኖች! ዛሬ በሾላ ሜዳ የመጨረሻ ጨዋታችን ነው! ሰኔ ሠላሳ አልፏል። ባለይዞታ አልቀረበም ተብሎ ሜዳው ወደ ከተማው ገብቷል። በማን ምክንያት እንደሆነ ታውቁታላችሁ!"

እናትነሽ ቀና አለች። አልቀረበም? የት ነው የሚቀረበው? ማን ቅረቢ አላት? ደሟ ፈላ። ዶማውን ወረወረችው፤ ቤት ገብታ ደብተሩን ከሣጥኑ መዘዘችና ኳስ ሲገባባት በኖረው ሽንቁር ወጣች። ጨዋታው ተጋግሏል። እሷ በኮንጎ ጫማዋ ጭቃውን እየተንቦጫረቀች ቀጥ ብላ መሐል ሜዳ ገብታ ቆመች። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። እጁንም ወደ ኪሱ ሰደደ፤ የትኛውን ካርድ ሊያወጣላት እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ክንዱ ከነማጉያው እየሮጠ መጣ። "እትዬ፣ ኧረ ጨዋታ ላይ ነን!"

"አንተ ክንዱ፣ ምን ፈልገህ ነው ስትዘፍንብኝ የከረምከው?"

"እኔ እንኳ የማንንም ስም አልጠራሁ..."

"ስሜንማ ብትጠራ አቤት እልህ ነበር! በል አሁን ጥራኝ። የምትፈልገውንም ጠይቀኝ።"

ክንዱ ወደ ድንጋይ መቀመጫው ዞሮ መሪጌታን ፈለገ። መሪጌታም በምርኩዛቸው እየተደገፉ ወረዱ። "እናትነሽ ልጄ፣ ትልቅ ዛፍ በነፋስ ጊዜ..." ብለው ጀመሩ።

"መሪጌታ! በመድኃኔዓለም ይዤዎታለሁ፣ ዛፉን ይተዉልኝ! ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰሙም?"

መሪጌታን አቋርጦ የተናገረ ሰው አገሩ አይቶ አያውቅም። ክንዱ ማጉያውን ከአፉ አወረደ፤ ላቡን ጠረገ።

"እትዬ እናትነሽ" አለ። "ሜዳውን ለክለቡ... ይፈርሙልን ነበር?"

"በመጀመሪያው ቀን!"

"ታዲያ ለምን ሳይ..."

"ማን ጠየቀኝ?"

ክንዱ መሪጌታን አየ። መሪጌታ መሬት መሬት እያዩ "ሰኔ ደረሰ ብዬሽ ነበር" አሉ ቀስ ብለው።

"ሰኔማ በየዓመቱ ይደርሳል፣ አባቴ!" እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። "አሥራ አንድ ቀን ነው ንፍሮ የቀቀልኩላችሁ። ይኸ የተቀመጣችሁበት ድንጋይ በዚህ እጅ ያለፈ ነው። የሐብቴን አደራ ልበላ? የሞተ ባሌን አደራ? ገበያ እስክተው ድረስ አሳፈራችሁኝ። እኔ እኮ ኳስ ጠልቼ እንጂ እናንተን ጠልቼ አላውቅም!"

ክንዱ ኮፍያውን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊይዝ ሲል ገፋችው።

"ይቅርታህን ለኋላ አቆየው። አሁን ሜዳው ጠፋ ማለት ነው?"

"አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል ብለዋል፤ ሠላሳ ቀን አለን። ግን ባለይዞታዋ ራሷ ቀርባ ካልጠየቀች አንቀበልም ነው ያሉት።"

"ይኸን መቼ ነው ያወቅኸው?"

"ሐሙስ።"

"ዛሬ እሑድ ነው። ለምን አልነገርከኝም?"

ክንዱ አንገቱን አከከ። "ያው... ሽማግሌ ልንልክ አስበን ነበር።"

እናትነሽ ደብተሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

"ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባጃጅህን ደጄ ላይ አቁም" አለችው። "ጽሕፈት ቤት ትወስደኛለህ። እዚያ ስንደርስ አንተም መሪጌታም አፋችሁን እንዳትከፍቱ። እኔ ነኝ የምጠይቀው፤ እናንተማ መጠየቅ አታውቁበትም!"